አረርና ቀልሃ፦ የጥይት ሥራ ታሪክ በየጁና በወሎ

አረር በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። እሳት ላይ ሲጣድ የሚቀልጠው እርሳስም አረር ነው፤ ከጠመንጃ አፍ ወጥቶ ሥጋ የሚበሳውም አረር ነው። ቃሉ የግዕዝ ነው፤ በግዕዝ ዐረር የማዕድኑ ስም ነው። የመሣሪያው ሌሎች ስሞች ግን ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ጠመንጃ፣ በድሮው አጻጻፍ ጠበንጃ፣ ከቱርክኛ፤ ባሩድና ነፍጥ ከዓረብኛ ተወርሰዋል። ስሞቹ ነገሩ የመጣበትን መንገድ ይዘው ቀርተዋል። ጠመንጃው ተሠርቶ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ይገባል፣ አረሩን ግን ባለቤቱ ወይም የመንደሩ ባለእጅ እዚያው አገሩ ላይ አቅልጦ ይቀርጸው ነበር።

ጠመንጃ አንድ ጊዜ ከተገኘ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ጥይት ግን በተተኮሰ ቁጥር ያልቃል። ስለዚህ ከወደብ በራቀ አገር የጠመንጃ ታሪክ በአብዛኛው የጥይት ታሪክ ነው። የዛሬዎቹ ወልድያና መርሳ፣ የሀብሩ ወረዳም፣ ያሉበት የጁ እንዲህ ያለ አገር ነበር። በምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፣ በምዕራብ ወደ ላስታና ወደ ዋድላ ደጋ ይወጣል። መሣሪያ ወደዚህ የሚደርሰው ከምጽዋ በትግራይና በራያ በኩል፣ ኋላም ከታጁራና ከአሰብ በአውሳ በኩል ነው። ሁለቱም መንገዶች ረጅም ነበሩ፤ በመካከል ያለው ባላባት ሁሉ ቀረጥ ይወስዳል፣ ሲሻውም ዕቃውን ያስቀራል።

የባሩድ መሣሪያ በአካባቢው ትልቅ ጦርነት የወሰነው ገና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በክሪስቶቫው ዳ ጋማ የተመሩ 400 ፖርቱጋላውያን ነፍጠኞች እ.ኤ.አ. በ1541 በምጽዋ ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ውስጥ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ በወፍላ፣ ፖርቱጋላውያኑ ኢማም አሕመድ ከቱርኮች ባገኙት የነፍጠኛ ጦር ተረቱ፤ ዳ ጋማም ተማርኮ ተገደለ። ወፍላ ከወልድያ በስተ ሰሜን፣ ከቆቦ አልፎ ያለ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1543 በወይና ደጋ ኢማሙን የገደለው ደግሞ የነፍጥ አረር ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ነፍጥ በየጁ ለረጅም ጊዜ የጦር ዋና ነገር አልሆነም። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1845 ዓ.ም. የአይሻል ጦርነት ድረስ በጎንደር ነገሥታት ስም አገር የገዙት የየጁ ራሶች ኃይላቸው ፈረሰኛ ነበር። ለምጽዋ ቅርብ የነበሩት የትግራይ መኳንንት በነፍጥ ብዛት ይበልጧቸዋል። ልዩነቱን የጀግንነት ወይም የጥበብ ጉዳይ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ፈረስ በወሎ ሜዳ ይራባል፤ ነፍጥና እርሳስ ግን የወደቡን በር የያዘ ሰው ሲፈቅድ ብቻ ነው የሚገኘው።

ከአፍ የሚጎረሰው የድሮ ነፍጥ ሦስት ነገር ይፈልግ ነበር፤ ባሩድ፣ አረርና እሳት። ባሩድ አገር ውስጥ ይሠራል። ከሰሉ በየቦታው አለ፤ ድኙ ከአፋር ቆላ በነጋዴ ይመጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከዋሻና ከአሮጌ በረት አፈር ታጥቦ የሚወጣ ጨው ነው። የቤት ባሩድ ጥራቱ እንደ ሠሪው ይለያያል። አንድ ቀን በልኩ የጎረሰ ነፍጥ በሌላ ቀን በዚያው ልክ ሲጎርስ አረሩን ከአፈሙዙ ብዙም ሳያርቅ ይጥለዋል፤ ወይም ያለ መጠን በርትቶ አፈሙዙን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ጥሩ ባሩድ ቀማሚ በጌቶች ዘንድ የሚፈለግ ሰው ነበር።

አረር ማቅለጥ ከብረት ሥራ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ብረት ከ1500 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲጠይቅ እርሳስ በ327 ዲግሪ ይፈሳል፤ ለዚህም ወናፍ ያለው ተራ የከሰል ምድጃ ይበቃል። ባለእጁ ቁርጥራጩን በብረት ጭልፋ አድርጎ ፍሙ ላይ ያኖረዋል። መጀመሪያ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ መሐሉ ይሰምጣል፣ ኋላ ጭልፋው ውስጥ ያለው ሁሉ እንደ መስተዋት ያበራል። ላዩ ላይ የሚሰፍፈውን ግራጫ ዝቃጭ በእንጨት ጫፍ ገፍቶ ያወጣዋል። መቅረጫው እንደ ጉጠት ሁለት እግር አለው፤ ሲገጠም መሐሉ ክብ ጉድጓድ ይሆናል፣ እርሳሱም በላዩ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ይፈስበታል። መቅረጫው ቀዝቃዛ ከሆነ አረሩ ሳይሞላ ተጨማዶ ይወጣል። እርጥበት ካለው ደግሞ ውሃው በአንዴ ተንኖ የቀለጠውን እርሳስ ወደ ሠሪው ፊት ይረጨዋል። መቅረጫው ሲከፈት የሚወድቀው አረር ቀዳዳው ውስጥ የቀረች ትንሽ ጭራ አለችው፤ እሷ በካራ ትቆረጥና ወደ ጭልፋው ትመለሳለች። የእርሳስ ትነትና ብናኝ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ነርቭን እንደሚጎዳ ዛሬ የታወቀ ነው፤ ጭልፋው ላይ አጎንብሶ ይውል ለነበረው ሰው ግን ይህን የሚነግረው አልነበረም።

የነፍጦቹ አፍ ስፋት አንድ ዓይነት ስላልነበረ መቅረጫ ከጠመንጃው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ የአንዱ አረር ለሌላው አይሆንም። ጠባብ የሆነ አረር በጨርቅ ተጠቅልሎ ይጎረሳል። እርሳስ ሲጠፋ ብረት ተቀጥቅጦ ይድቦለቦላል፤ ብረት ግን ጠንካራ ስለሆነ የአፈሙዙን ውስጥ ይፍቀዋል፣ ከእርሳስም ይቀላል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ቀጥቃጭ በማኅበረሰቡ ዘንድ ቡዳ እየተባለ ይናቅ ነበር። መሬት አይሰጠውም፣ በጋብቻም ይገለላል። ጦር ሜዳ የሚወጣ ሁሉ በእጁ ሥራ እየታመነ እሱን ማራቁ ከአገሪቱ ታሪክ ከባድ ግፎች አንዱ ነው። አፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው።

የመሣሪያ ሥራን ከመንደር ምድጃ አውጥተው የመንግሥት ጉዳይ ለማድረግ የሞከሩት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና ባለእጆችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ፤ ከመድፎቹ ትልቁ ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። ይህን መድፍ በሰው ጉልበት እየጎተቱ፣ መንገድ እየቆፈሩ፣ በደላንታ በኩል የጅጣንና የበሽሎን ገደል አሻግረው መቅደላ አወጡት። በሌላ በኩል የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒዬር ጦር ከባሕር ተነሥቶ በአሸንጌ በኩል ወደ ዋድላና ደላንታ ወጣ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ በነጎድጓድ ዝናብ መካከል በአሮጌ ሜዳ ተገናኙ። የቴዎድሮስ ወታደር ከአፍ የሚጎረስ ጠመንጃ ይዞ ነበር። እንግሊዞች የያዙት ስናድር ግን ከበስተኋላ የሚጎርስ፣ በደቂቃ 10 ያህል ጊዜ የሚተኩስ ነበር። ከቴዎድሮስ ወገን 700 ያህል ሰው ወደቀ፤ ከእንግሊዞች የሞቱት 2 ብቻ ናቸው።

በአሮጌ የታየው አዲስ ነገር ከጠመንጃው ይልቅ ጥይቱ ነበር። በስናድር ጥይት ውስጥ 31 ግራም የሚመዝነው አረር፣ ባሩዱና እሳት ሰጪው ቆብ በአንድ የናስ ቀልሃ ታሽገው ይገኛሉ። ዝናብ አያረጥበውም፣ ልኬቱም አይዛባም። ለየጁና ለወሎ ግን ይህ መልካም ነገር አዲስ ጥገኝነት ይዞ መጣ። ጭልፋና መቅረጫ ያለው ባለእጅ ትናንት የጦር ስንቅ ማዘጋጀት ይችል ነበር፤ ቀልሃና ቆብ ግን ፋብሪካ ይጠይቃሉ። ናፒዬር ሲመለስ ለደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ ኋላ ለአፄ ዮሐንስ፣ 850 ያህል ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ግብፆች ሲሸነፉ ደግሞ ረሚንግተን ጠመንጃ በብዛት ተማረከ። ከዚያ ወዲህ የያንዳንዱ ጌታ ጥያቄ የጠመንጃ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ለዚያ ጠመንጃ የሚስማማ ቀልሃ ሆነ።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በምኒልክና በጣልያን መካከል ውል የተፈረመው በውጫሌ፣ ከመርሳ በስተ ደቡብ በደሴ መንገድ ላይ ባለችው ስፍራ ነው። ሕዝብ የሚያስታውሰው ጠብ ያስነሣውን 17ኛውን አንቀጽ ነው። የጦር መሣሪያና ጥይት በምጽዋ በኩል ለምኒልክ እንዲያልፍ የሚፈቅድ ሌላ አንቀጽም ነበረው፤ ያን ጊዜ ይህ አንቀጽ ቀላል ዋጋ አልነበረውም። ከዚያው ዓመት ስምምነት ጋር የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር መጣ። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ባሳወቁበት ወቅት ጣልያኖች 2 ሚሊዮን ጥይት አስረክበዋቸው ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ ጦሩ በወረኢሉ ተሰብስቦ በወሎ በኩል ወደ ዓድዋ ሲዘምት በዝናሩ ውስጥ ከጠላት የመጣ ጥይትም ነበረ።

ከፈረንሳይ የመጣውን ባለ 11 ሚሊ ሜትር የ1874 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ ሕዝቡ ውጅግራ አለው፤ የፈረንሳይኛውን ስም በአማርኛ አፍ አሳምሮ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ባለ 8 ሚሊ ሜትሩን ለቤል ስታስታጥቅ አሮጌው ውጅግራ በርካሽ ወደ ቀይ ባሕር ፈሰሰ። ጥይቱም እየበዛ ሲሄድ ከመተኮስ ያለፈ አገልግሎት አገኘ፤ በገበያ ገንዘብ ሆነ። አሞሌ ጨው እርጥበት ሲነካው ይሟሟል፣ የማርትሬዛው ብር ደግሞ ለትንሽ ዕቃ ይበዛል። ጥይት በሁለቱ መካከል ገብቶ መልስ መስጫ ሆነ። ሙሉ ጥይት የራሱ ዋጋ አለው፣ ተተኩሶ ባዶ የቀረ ቀልሃም የራሱ፣ በቤት ዳግመኛ የተሞላውም የራሱ።

የተሞላ ቀልሃ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለ። የተተኮሰ ናስ ከሙቀቱና ከግፊቱ የተነሣ ይሰፋል፤ ሲደጋገም አንገቱ ይሰነጠቃል። ገዢው ስለዚህ ጥይቱን ወደ ብርሃን አዙሮ አንገቱን በጥፍሩ ይፈትሻል፤ ቀጥሎ ቂጡን ያያል፣ ቆቡ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ቀድሞ ተወግቶ የቀና? አረሩን ባለእጁ እንደ ድሮው በመቅረጫ ያወጣዋል፤ የውጅግራ አረር 25 ግራም ያህል ስለሆነ በእጅ ለመሥራት አይቸግርም። ባሩዱም የለመደው ጥቁር ባሩድ ነው። ያቃተው ቆቡ ነበር። በምት የሚነደውን ቅመም መንደር ውስጥ የሚሠራው ስላልነበረ ከነጋዴ ይገዛል፣ አለዚያም አሮጌው እንደ ምንም ተጠግኖ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚከሽፈውም ከዚህ ነው። ቢሆንም ይህ ሙያ ለአንድ ትውልድ ያህል የመንደሩን ምድጃ ከፋብሪካው ጋር አስታርቆ አቆይቷል።

ሙያውን የገደለው የአፈሙዙ መጥበብ ነው። ጭስ አልባው ባሩድ ከመጣ በኋላ ጠመንጃ ሁሉ ቀጠነ፤ ምንሽርና ለቤል 8 ሚሊ ሜትር፣ ቤልጅግ ከዚያ ጥቂት ያነሰ፣ የጣልያኑ ካርካኖ 6.5 ሚሊ ሜትር ሆኑ። የካርካኖ አረር 10.5 ግራም ብቻ ነው፤ ከአንድ የስናድር አረር ሦስት ያህል ይወጣል። ቀላል ይሁን እንጂ ፍጥነቱ ከቀድሞው እጅግ ይበልጣል። በዚያ ፍጥነት ራቁቱን የሚሄድ ለስላሳ እርሳስ የአፈሙዙን ጠመዝማዛ ቦይ መያዝ ትቶ ይላጣል፣ ቦዩንም በእርሳስ ይደፍነዋል፤ አረሩም ዒላማውን ይስታል። ስለዚህ ፋብሪካዎች እርሳሱን ጠንካራ የብረት ልባስ አለበሱት። ያን ልባስ በጭልፋና በጉጠት መሥራት አይቻልም። ጭስ አልባውም ባሩድ ከኬሚካል ፋብሪካ በቀር የሚገኝበት የለም። በጥቁር ባሩድ ልክ የለመደ እጅ በአዲሱ ቀልሃ ውስጥ ያንኑ መጠን ቢሞላ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል።

የጉዳዩ ክብደት በጣልያን ወረራ ጊዜ ታየ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተዋጋው ጦር ያልተዛመደ መሣሪያ ተሸክሞ ነበር፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች ጥይት መበዳደር የማይችሉበት ጊዜ ብዙ ነው። ጣልያኖች ደሴን ከያዙ በኋላ መሣሪያ እንዲረከብ አዘዙ። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በላስታና በዋግ ሲያምፁ፣ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተይዘው አንገታቸው እስኪቀላ ድረስ፣ አርበኛው በዋናነት የሚታመነው ከጠላት በሚማርከው ጥይት ነው። ካርካኖ የያዘ አርበኛ ከውጅግራ ባለቤት የሚሻለው ስለዚህ ነበር፤ ጠላቱ ራሱ ስንቁን ያመጣለታል።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት ጥይት አገር ውስጥ ማምረት ጀመረ፤ ኋላም በአምቦ አካባቢ የሆሚቾ ፋብሪካ ተጨመረ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 የጦር መሣሪያ መያዝን፣ መጠገንንና መነገድን በፈቃድ ሥር አድርጎታል። የመንደሩ ጭልፋ ለጥይት መዋሉ ከዚያ ቀድሞ ቆሟል። ቀልሃው ግን ሌላ ሥራ አግኝቷል። ናሱ ተጠርጎ፣ አፉ በእንጨት ወይም በቆዳ ክዳን ተደፍኖ፣ በክር አንገት ላይ ይንጠለጠላል። በቆላው የሚኖሩ ሴቶች ኩላቸውን የሚያስቀምጡበት እንዲህ ያለ ቀልሃ አላቸው፤ የኩሉ እንጨት ከክዳኑ ጋር ተያይዞ ባሩድ በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።