ከሕክምናው ማግስት፦ በአዋሽ ሸለቆ የካንሰር ታካሚዎች ራሳቸውን ለመንከባከብ ያላቸው መተማመን

የካንሰር ሕክምና ታሪካችን አዘውትሮ የሚተረከው በሕንፃና በመሣሪያ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተጀመረ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማዕከሉም ከሃያ ዓመታት በላይ ለመላው ሀገሪቱ ብቸኛ ሆኖ ቆየ። በ2004 የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ተመሠረተ፤ በ2011 የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ሥራውን ጀመረ፤ በ2015 ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ ይፋ ሆነ፤ በ2018 መጨረሻ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ፤ በ2020ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጨረር ሕክምናው ወደ ጅማና ወደ ሐረር ተሻገረ። ሁሉም የሚያኮሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ትረካው የሚያበቃው ሕክምናው በሚያበቃበት ዕለት ነው። ታካሚዋ የመጨረሻውን ጨረር ወስዳ፣ የቀጠሮ ካርዷንና የመድኃኒት ከረጢቷን ይዛ ወደ መናኸሪያ ከሄደች በኋላ ስላለው ዘመን የተጻፈልን እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ዘመን፣ ይልቁንም የአዋሽን ሸለቆ ተከትለው ወደ ቤታቸው የሚመለሱትን ታካሚዎች ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ሐዲድ የወለደው ከተማ ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲገባ ከተማው የመንገደኛ ማረፊያ ሆነ። ከዋና ከተማው የሚርቀው 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰመራ ግን አሳይታን ተክቶ የአፋር ክልል ርዕሰ ከተማ የሆነ አዲስ ከተማ ሲሆን፣ የዱብቲ ሆስፒታል በአቅራቢያው ቢገኝም ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከአዋሽ የመጣች ታካሚ ቀጠሮዋን አክብራ በሁለት ቀን ልትመለስ ትችላለች። ከሰመራ ባሻገር ካለ ቀበሌ ለምትመጣው ግን ቀጠሮ ማለት ፍየል መሸጥ፣ አጃቢ መፈለግና ልጆችን ለዘመድ ማስጠበቅ ነው። ስለዚህ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ባሉት ወራት የራሷ ሐኪም ራሷ ናት፤ ፈቀድንም አልፈቀድንም።

ይህች ታካሚ በእነዚያ ወራት የምትሸከመውን ውሳኔ በዝርዝር ማየት ይገባል። የጡት ካንሰር ታማ ከብብቷ ዕጢዎች የወጡላትን ሴት እንውሰድ። በዚያ በኩል ያለው ክንድ ለእብጠትና ለቁስል ማመርቀዝ የተጋለጠ ነው። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ የግጦሹን መሬት የወረረው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ደግሞ የማገዶ መልቀሚያዋ ነው። አንድ እሾህ ክንዷን ቢወጋት ወዲያው በሳሙና መታጠብ እንዳለባት፣ ክንዱ ቢቀላና ቢግል ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባት የነገራት አለን? አብዛኛውን ጊዜ የሚነገራት «በዚህ እጅሽ ምንም አትሥሪ» የሚል ነው። ውኃ በጀሪካን ለሚቀዳና ቤት ነቅላ ለምትተክል ሴት ይህ የማይፈጸም ትእዛዝ ከመሆኑም በላይ ዛሬ ትክክል አይደለም። በ2009 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት ክንዳቸው ያበጠ ሴቶች በክትትል፣ ከትንሽ ጀምረው ቀስ በቀስ ክብደት ቢያነሡ እብጠቱ እንደማይባባስ አሳይቷል። የእኛ ክልከላ ክንዱን ከመጠበቅ ይልቅ ሴትዮዋን በገዛ ክንዷ ላይ እምነት ያሳጣታል ብዬ እገምታለሁ።

ሙቀቱም ሌላ ጉዳይ ነው። ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው ትኩሳት ቢሰማው የነጭ የደም ሴሎቹ ቁጥር ወርዶ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ መታየት አለበት። ነገር ግን በሞቃቶቹ ወራት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያልፍ የሰመራ ሙቀት ውስጥ ትኩሳትን ከአየሩ ግለት በእጅ መዳፍ መለየት እንዴት ይቻላል? እዚህ ላይ አንድ ቴርሞሜትርና እሱን ማንበብ መቻል ከብዙ ምክር ይበልጣል። ታሞክሲፌን የምትወስድ ሴትም በሰውነቷ የሚነሣው የወላፈን ስሜት ከመድኃኒቱ ይሁን ከአየሩ ሳታውቅ ክኒኑን ልታቆም ትችላለች። መድኃኒቱ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ፣ አዘውትሮም ለአምስት ዓመት የሚታዘዝ ስለሆነ በረመዳን ከአፍጥር በኋላ ሊወሰድ ይችላል። ይህን አንዲት ዓረፍተ ነገር ያልሰማች ጾመኛ ግን ወሩን ሙሉ ልትተወው ትችላለች።

የማኅፀን በር ካንሰር በጨረር የታከመችው ሴት ችግር ከዚህ ይከብዳል። ጨረሩ የብልትን መተላለፊያ ሊያጠብብ፣ ከወራት በኋላም ከፊንጢጣ ወይም ከፊኛ ደም እንዲፈስ ሊያደርግ ይችላል። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት በአፋር ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 91 በመቶው የተገረዙ እንደነበሩ መታወቁን፣ በክልሉም የመስፋት ግርዛት የተለመደ መሆኑን እናስታውስ። ለእንዲህ ያለችው ሴት ምርመራው ራሱ ሥቃይ ነው። ጠብታ ደም ባየች ቁጥር በሽታው ተመለሰ ብላ ትደነግጣለች፤ ወይም አፍራ ትደብቃለች። መቼ መጠበቅ፣ መቼ መገስገስ እንዳለባት ማወቋ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ይህን ችሎታ ሳይንሱ መነጋገሪያ ያደረገው በቅርብ ጊዜ ነው። የሥነ ልቡና ሊቁ አልበርት ባንዱራ በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ሰው አንድን የተወሰነ ተግባር መፈጸም እችላለሁ ብሎ ማመኑ ተግባሩን ለመጀመርም፣ እንቅፋት ሲገጥም ለመጽናትም ወሳኝ መሆኑን አስረዳ። በአማርኛ «በራስ መተማመን» ብለን ስንተረጉመው የጠባይ ነገር፣ የድፍረትና የኩራት ነገር ይመስላል። የባንዱራ ሐሳብ ግን ከዚያ ይጠብባል፤ «የመቻል እምነት» ቢባል ይቀርባል። ጀግና የሆነ አርብቶ አደር ቴርሞሜትር ማንበብ እችላለሁ ብሎ ላያምን ይችላል። ይህ እምነት ከሁሉ ይልቅ የሚገነባው ራስ ሠርቶ በማየት ነው፤ ቀጥሎም መሰልን አይቶ በመማር። የሐኪም ማበረታቻ ይረዳል፣ ግን ብቻውን ደካማ ነው። ከራስ አካል የሚመጣውን ስሜት የምንተረጉምበት መንገድም እምነቱን ይገነባዋል ወይም ያፈርሰዋል፤ ለካንሰር ታካሚ ማንኛውም ቁርጥማት የክፉ ዜና መልእክተኛ ነውና።

በስታንፎርድ ኬት ሎሪግ ይህን ሐሳብ ይዛ የመገጣጠሚያ ሕመምተኞችን በሕመምተኞች ማስተማር ጀመረች። ራሱ ካንሰር ታሞ የዳነው አሜሪካዊ ሐኪም ፊትዙ ሙላን በ1985 ባወጣው ጽሑፍ ከሕክምና በኋላ ያለው ጊዜ የራሱ ወቅቶች ያሉት የሕይወት ምዕራፍ እንደሆነ ጻፈ። በ2005 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ስለዚሁ የሽግግር ጊዜ ትልቅ ዘገባ አወጣ። ሀብታሞቹ ሀገሮች እንኳ ነገሩን ያሰቡበት ዘግይተው ነው።

እኛ ግን ከካንሰር ውጭ ይህን መንገድ ቀድመን ሄደንበታል፤ በእኔ አስተያየት በቂ ትኩረት ያላገኘው ምሳሌ የሥጋ ደዌ ነው። በ1965 የተመሠረተው አለርት ባክቴሪያውን ከታካሚው አካል ማጥፋት ቻለ፤ የደነዘዘው እግር ግን ስሜቱ አልተመለሰም። «ድነሃል» የተባለው ሰው እግሩን በየቀኑ መመርመር፣ በውኃ መዘፍዘፍ፣ የደደረውን ቆዳ መሞረድና ቅባት መቀባት ነበረበት፤ ዕድሜውን ሙሉ። በተግባር የሆነው ግን ቁስል ለማሳሰር ወደ ክሊኒክ መመላለስና የተቋሙ ጥገኛ መሆን ነበር። አለርት በ1995 ራስን የመንከባከቢያ ቡድኖችን ማቋቋም ጀመረ፤ በ1999 ቁጥራቸው 72 ደርሶ ነበር። አባላቱ በየመንደራቸው ተሰብስበው አንዱ የሌላውን እግር ያያል፤ ያልተንከባከበውን ይወቅሳል፣ የዳነለትን ያመሰግናል። የመቻል እምነት ስብከት ሳይሆን የጋራ ሥራ ውጤት መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም።

ሁለተኛው ምሳሌ በዚሁ በአዋሽ መንገድ ላይ የታየ ነው። ከአዋሽ እስከ ሚሌና ሎግያ ያሉት የከባድ መኪና ማደሪያ ከተሞች የኤች.አይ.ቪ. መከላከል ሥራ ልዩ ትኩረት ከተሰጣቸው ሥፍራዎች መካከል ነበሩ። በ2005 ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች በየጤና ተቋሙ ተቀምጠው አዲሱን ታካሚ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ያስተምሩ ጀመር። ከነጭ ጋወን ይልቅ «እኔም እወስደዋለሁ» የሚለው ቃል ይታመናል። ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም። የኤች.አይ.ቪ. ታካሚ መዝገቡ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ነበር። የካንሰር ታካሚዋ መዝገብ ግን ሩቅ ነው፤ የአካባቢዋ ነርስ የሚያገኘው፣ ካገኘ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈች አንዲት ወረቀት ናት። ለታካሚዋ ደግሞ ወረቀቷ ከእነ ጭራሹ አትናገርም።

የቃላቱም ነገር ያሳስባል። በአማርኛችን «ነቀርሳ» ለካንሰርም፣ በ«ሳንባ ነቀርሳ» አማካይነት ለቲቢም ያገለግላል። በአስተርጓሚ አማርኛ «ነቀርሳ» የተባለ አፋርኛ ተናጋሪ የስድስት ወር መድኃኒት ጨርሶ እንደዳነው ጎረቤቱ እሆናለሁ ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም።

አፋሮች ግን ወረቀት የማይሠራውን የሚሠራ ሥርዓት አላቸው፤ ዳጉ ይባላል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቆም ብለው ያዩትንና የሰሙትን፣ ከማን እንደሰሙም ጭምር ይለዋወጣሉ፦ ስለ ዝናብና ግጦሽ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ግጭት፣ ስለ በሽታ። ዜናን መደበቅ ነውር ነው፤ ማዛባት ደግሞ ያስጠይቃል። «እገሊት አዲስ አበባ ሄዳ ጡቷን አስቆርጣ ሞተች» የሚለው ዜና በዳጉ ይጓዛል። ታክማ ተመልሳ ፍየሎቿን የምታልበው ሴት ዜናም ሊጓዝ ይችላል፤ ግን ታክማ መዳኗን ራሷ ስታውቅና ስትናገር ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ቀጠሮ ላይ «ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ትኩሳት ቢሰማሽ ምን ታደርጊያለሽ? እስቲ አሳዪኝ» ብሎ ቴርሞሜትሩን በእጇ መስጠት፣ የምትለውንም በራሷ ቋንቋ በታመነ አስተርጓሚ ማዳመጥ ያስፈልጋል። የሰማችውን በመንገድ ላይ በዳጉ የምታካፍለው እሷ ናትና።

የሥጋ ደዌ ታካሚዎች ቡድኖች ሥራ ሲጀምሩ የሚያስፈልጋቸው ሳፋ፣ ውኃ፣ ቅባትና ቆዳ የሚሞርዱበት ድንጋይ ነበር። በአዋሽ ወይም በሎግያ ለሚሰበሰቡ የካንሰር ታካሚዎች የሚያስፈልገው ዕቃም ከዚያ ብዙ አይበልጥም፦ ቴርሞሜትር፣ ሳሙና፣ የክኒን ቀን የሚቆጠርበት ካርድ፣ ከታካሚዎቹም መካከል አስቀድማ ታክማ የተመለሰች አንዲት ሴት።