«ጠፋች» የምንለው ከየት መጣ? የቤት ሠራተኛና የአሠሪ ታሪክ

ሞያሌም ይሁን ናይሮቢ፣ ሐርጌሳም ይሁን መርካቶ፣ ነጋዴ ሴቶች ሻይ ላይ ሲቀመጡ ከምንዛሪና ከጉምሩክ ቀጥሎ የሚነሳው የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ነው። አንዷ «ለፋሲካ ብላ ሄዳ እዚያው ቀረች» ትላለች። ሌላዋ «ደሞዟን በተቀበለች ማግስት ጠፋች» ትላለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «ሳሎኑ ያበራል፣ አልጋው ሥር ግን አቧራ ነው» ብላ ታማርራለች።

እኛ ነጋዴዎች በዚህ ጉዳይ ከሌላው ሰው ይበልጥ የምንቸገርበት ምክንያት አለ። ዕቃ ለማምጣት ሳምንት፣ አንዳንዴም አሥር ቀን ከቤት እንርቃለን። «ካለ ባለቤቱ አይነድም እሳቱ» ይባላል፤ ባለቤቷ በሌለችበት እሳቱን የምታነደው፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርሰው፣ በሩን የምትቆልፈው እሷ ናት። እሷ ድንገት ስትሄድ ጉዞው ይቀራል፤ ጉዞው ሲቀር ደንበኛው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።

ታዲያ ይህ ብስጭት የአንዷ ልጅ ጠባይ ወይም የአንዷ አሠሪ ክፋት ብቻ አይደለም። ረጅም ታሪክ አለው። ታሪኩን ስናይ ብዙው ምሬት የሚመጣው ውሉ ሳይጻፍ፣ አንዳንዴም ሳይነገር ከኖረ ሥራ መሆኑን እንረዳለን።

ደሞዝ ያልነበረበት ዘመን

በድሮው ትልልቅ ቤት የቤት ሥራ በብዙ ሰው የተከፋፈለ ነበር። ውሃ ቀጂ አለች፣ እንጨት ለቃሚ አለች፣ ፈጪ አለች፣ ወጥ ሠሪና እንጀራ ጋጋሪ አሉ፣ ጠጅ ጣይም ለብቻዋ ነበረች። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በባርነት የተያዙ ነበሩ። ሌሎቹ የተቸገሩ ዘመዶች፣ ወይም ለምግብና ለልብስ ብቻ የሚያገለግሉ ገረዶችና አሽከሮች ነበሩ።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ማስቀረት ከገባቻቸው ግዴታዎች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ። ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሚከለክለው አዋጅ የወጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። ነፃ የወጣው ሰው ግን መሬት አልተሰጠውም፤ በእጁም ጥሪት አልነበረውም። ስለዚህ ብዙዎች በዚያው ቤት፣ በዚያው ማጀት፣ ለምግብና ለልብስ ማገልገላቸውን ቀጠሉ። ከባርነት ወደ አገልጋይነት ሲታለፍ ተቀምጦ «ሥራሽ ይህ ነው፣ ደሞዝሽ ይህ ነው» የተባባለ ሰው እምብዛም አልነበረም።

ደሞዝ የመጣው ኋላ ነው፤ ሲመጣም ትንሽ ሆኖ ነው። ምግቡና ማደሪያው እንደ ዋናው ክፍያ፣ ገንዘቡ እንደ ጭማሪ ታየ። ዛሬም «በላች፣ ጠጣች፣ ለበሰች፤ ምን ጎደለባት?» ሲባል የምንሰማው ከዚያ ዘመን የተረፈ አነጋገር ነው። እሷ ግን የምትቆጥረው ወር ሲሞላ አገር ቤት የምትልከውን ብር ነው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቤት ሆነው ሁለት ዓይነት ሂሳብ ይሠራሉ።

የአምስት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ላይ

ከተማው እያደገ ሲሄድ የእህል ወፍጮ መጣና ፈጪዋ ከቤት ወጣች። ቧንቧ ሲገባ ውሃ ቀጂዋ ቀረች። ቤተሰቡም አነሰ፤ በማጀቱ የነበረው ሰው ቀንሶ አንዲት ልጅ ብቻ ቀረች። የቀረው ሥራ ሁሉ ግን በእሷ ላይ ተደረበ። ዛሬ ደላላው «ሁለገብ ናት» የሚላት እሷን ነው። ሁለገብ ማለት ታበስላለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ሕፃን ትይዛለች፣ ቤት ታጸዳለች፣ እንግዳ ሲመጣም ቡና ታፈላለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ እንደ ነጋዴ እናስላ። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ጠዋቱ በምጣዱ ያልቃል። ልብስ በእጅ የሚታጠብ ከሆነ ከሰዓት በኋላውም ያልቃል። በመሃል ልጆች መመለስ አለባቸው፣ ምሳም ይቀርባል። አልጋው ሥር ያለው አቧራ የሚጠረግበት ሰዓት የቱ ነው? «አታጸዳም» ከማለታችን በፊት የቱ ሥራ እንደሚቀድም ነግረናት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ቤት ለጽዳት ወይም ለልብስ ብቻ ተመላላሽ መቅጠር የጀመረው ይህን ስላየ ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «ገረድ» የሚለው ቃል እየተነቀፈ ሄዶ «የቤት ሠራተኛ» የሚለው ቦታውን ያዘ። ጥሩ ለውጥ ነበር። ነገር ግን ስሙ ሲለወጥ የሥራው ሁኔታ አብሮ አልተለወጠም።

ሕጉ ከበር ሳይገባ ቀረ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት አገልጋዮች ጥቂት አንቀጾች አሉት። አሠሪው ቤቱ የምታድር ሠራተኛን ጤንነትና ሥነ ምግባር እንዲጠብቅም ያዝዛል። ከዚያ ወዲህ የወጡት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች፣ የ1985ቱ፣ የ1996ቱና የ2011ዱ፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከአዋጁ ውጪ አደረጉት። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ ጉዳዩ ደንብ ያወጣል ተብሎ የተጻፈው ቃልም ለዓመታት በወረቀት ላይ ቆየ።

ውጤቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። የፋብሪካ ሠራተኛ ሥራ መልቀቅ ከፈለገ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አሠሪውም ሲያሰናብተው ማስጠንቀቂያ አለበት። የሥራ ሰዓትና የዕረፍት ቀንም በአዋጁ ተቆጥረዋል። የቤት ሠራተኛዋ ከዚህ ሁሉ ውጪ ናት። ስለዚህ ሳትናገር መሄዷ የሚያበሳጨንን ያህል፣ በአንድ ምሽት «ልብስሽን ያዢና ውጪ» የምትባለውም ያው ክፍተት ስላለ ነው።

ሕጉ በሌለበት ቦታውን የያዙት ተያዥና ደላላ ናቸው። ተያዥ ከአገራችን የዋስ ልማድ የመጣ ነው፤ ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቅ ሰው መኖሩ አሠሪን ያረጋጋል። ግን ተያዡ ስለ ሌብነት እንጂ ስለ ሥራ ሰዓት ወይም ስለ ዕረፍት ቀን የሚለው የለም። ደላላውን ደግሞ እኛ ነጋዴዎች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ኮሚሽኑን የሚያገኘው ቅጥር በተፈጸመ ቁጥር ነው። ልጅቷ ሁለት ዓመት ከቆየች አንድ ጊዜ ያገኛል፤ በየሦስት ወሩ ቤት ከቀየረች ስምንት ጊዜ። «እገሌ ቤት የተሻለ ይከፍላሉ» የሚለው ስልክ ከየት እንደሚደወል መገመት አያስቸግርም።

ድንበሩ ማዶ

ኬንያ ውስጥ የምንኖር ሰዎች ደግሞ የሌላ ታሪክ ወራሾች ነን። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1906 ባወጡት የጌታና የአገልጋይ ሕግ ሠራተኛ ሥራውን ጥሎ ቢሄድ በወንጀል ይቀጣ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ «ኪፓንዴ» የሚባል የመታወቂያ ወረቀት ይዞ እንዲንቀሳቀስ ተገደደ። የጣት አሻራውና የቀጣሪዎቹ መዝገብ ያለበት ወረቀት ሲሆን፣ ብዙዎች በቆርቆሮ መያዣ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። በዚያን ጊዜ የናይሮቢ የቤት አገልጋዮች አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ፤ ሽበት ያወጣው አባት ሳይቀር «ቦይ» ይባል ነበር። መጥፋት ወንጀል በሆነበት አገር እንኳ ሰዎች ይጠፉ ነበር። ቅጣት ሠራተኛን ቤት ውስጥ አላቆየም።

የዛሬው የኬንያ ሕግ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. የ2007 የሥራ ቅጥር ሕግ የቤት ሠራተኛንም ያካትታል። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚቆይ ቅጥር በጽሑፍ ይሁን ይላል። በሰባት ቀን አንድ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት 21 የሥራ ቀን ፈቃድ፣ በወር ለሚከፈል ሠራተኛ የ28 ቀን ማስጠንቀቂያ ያዝዛል። መንግሥት የሚያወጣው የዝቅተኛ ደሞዝ ሠንጠረዥም የቤት ሠራተኛንና ሞግዚትን በስም ይጠቅሳል፤ በናይሮቢና በሞምባሳ ከትናንሾቹ ከተሞች ከፍ ይላል። ኢስሊ የምንኖር ሰዎች «የአገራችን ልጅ ናት፣ እንደ ቤተሰብ ነን» ብንልም ይህ ሕግ ይመለከተናል።

የእኛም ልጆች በሰው ቤት

ይህን ታሪክ ከባድ የሚያደርገው ሌላው ነገር፣ ከዘመዶቻችን መካከል ቤሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ ወይም ጅቡቲ በሰው ቤት የሠራች የሌለችበት ቤተሰብ ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። በገልፍ አገሮች ካፋላ በሚባለው አሠራር የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ እጅ ነው። ከቤት ከወጣች አሠሪዋ «ጠፍታለች» ብሎ ያስመዘግባል፤ ያኔ ሕገ ወጥ ልትሆን ትችላለች። ያ ቃል እዚያ ምን እንደሚያስከትል ብዙ እናት ታውቃለች።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን፣ ወንዶችንም ሴቶችንም፣ ስታስወጣ መንግሥት ወደዚያ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አግዶ ነበር። በኋላ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ወደ ውጭ የምትሄድ ሠራተኛ 18 ዓመት የሞላት፣ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀችና ሥልጠና ያገኘች እንድትሆን፣ የሥራ ውሏም በመንግሥት እንዲጸድቅ ደነገገ። ተገቢ ነው። አሁን ግን ሁለቱን አስተያዩ። ሪያድ ለምትሄደው ዕድሜና ውል እንጠይቃለን፤ አዲስ አበባ ጎረቤታችን ቤት ለምትሠራው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ማን ይጠይቃል?

ከዚህ ታሪክ ምን እንያዝ?

ጭነት ስንልክ ዋጋው፣ የመድረሻው ቀንና ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚከፍል ይጻፋል። ልጆቻችንንና ቁልፋችንን ለምንሰጣት ሰውም አንድ ገጽ ወረቀት አይበዛም። ሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንዱ በእጇ ይቅር፤ ማንበብ የማትችል ከሆነ የምታምነው ሰው ያንብብላት።

በወረቀቱ ላይ ደሞዙና የሚከፈልበት ቀን ይጻፍ። የቱ ሥራ እንደሚቀድም፣ የትኛው በሳምንት አንዴ እንደሚሠራ ይለይ። የዕረፍት ቀኗና የማታ ትምህርት ሰዓቷ ይታወቅ። ለየትኛው በዓል ስንት ቀን አገር ቤት እንደምትሄድና የመሳፈሪያውን ማን እንደሚከፍል ይነገር፤ የመመለሻ መሳፈሪያዋን በእጇ ይዛ የሄደች ልጅ የመመለስ ዕድሏ ይሰፋል። ዕቃ ቢሰበር ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይወሰን፤ ወር ሲደርስ ከደሞዝ መቁረጥ ጠብ ያስነሳል። መታወቂያዋ እሷ ዘንድ ይሁን። ማስጠንቀቂያው ለሁለቱም ወገን እኩል ሁለት ሳምንት ይሁን። ለደላላው ደግሞ ግማሹን ሲቀጠሩ፣ ግማሹን ሦስት ወር ስትቆይ መክፈል ይቻላል፤ ያኔ የእሱም ጥቅም ከመቆየቷ ጋር ይታሰራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የምትሄድ ትሄዳለች። ታገባለች፣ ትምህርቷን ትጨርሳለች፣ ወይም የተሻለ ደሞዝ ታገኛለች። ልዩነቱ ነግራን መሄዷ ነው። ሁለት ሳምንት ካለን ሞያሌ ደርሰን ዕቃውን አራግፈን፣ ተመልሰን ሌላ ሰው እንፈልጋለን።