ሃምሳ አምስት ዓመት ከአንድ ቀን

ስሙኝማ! ሰውየው ዌልደን አንጀሎስ ይባላል። የአሜሪካዋ ሶልት ሌክ ሲቲ ልጅ፣ ሙዚቃ አዘጋጅ፣ የትናንሽ ልጆች አባት ነበር። በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለፖሊስ ጠቋሚ ሦስት ጊዜ ማሪዋና ሸጠ፤ በየጊዜው 350 ዶላር ተቀበለ። ጠቋሚው ሁለቴ ሽጉጥ አይቼበታለሁ አለ። ቤቱ ሲፈተሽም መሣሪያ ተገኘ። አልተኮሰም፤ ማንም ላይ አልደገነም።

ዐቃቤ ሕጉ «ጥፋትህን እመንና 15 ዓመት ታሰር» አለው። እምቢ አለ። ያኔ ክስ በክስ ላይ ተደረበበት።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ልብ በሉ። በጊዜው ሕግ ዕፅ ሲሸጥ መሣሪያ የያዘ ሰው ለመጀመሪያው ክስ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ከዚያ ለሚከተለው ለእያንዳንዱ ቢያንስ 25 ዓመት ይፈረድበት ነበር። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምር ነበር። ታስሮ ወጥቶ ዳግም ማጥፋት እንኳ አያስፈልገውም ነበር፤ በአንድ መዝገብ የተደረደሩትም ይደመሩ ነበር። አንጀሎስ በሦስት የመሣሪያ ክሶች ጥፋተኛ ተባለ። አምስት፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ አምስት።

ኅዳር 2004፣ ዳኛ ፖል ካሴል ተሰየሙ። ከጥቂት ሰዓታት በፊት አንዲት አዛውንት ሴትን በግንድ ደብድቦ የገደለ ሰው ላይ 22 ዓመት ፈርደው ነበር። የአንጀሎስ ቅጣት ፍትሕ የጎደለው፣ ጨካኝ ነው ብለው በፍርዳቸው ጻፉ፤ ግን እጃቸው ታስሯልና 55ቱን ፈረዱ። ለቀሩት ክሶች ሁሉ የጨመሩት አንድ ቀን ብቻ ነው። በዚያች አንድ ቀን ውስጥ የዳኛው እሮሮ ይሰማኛል።

ይግባኝ ተባለ። በርካታ የቀድሞ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ከጎኑ ቆሙ። በ2006 መጀመሪያ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቅጣቱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ አጸና። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ጉዳዩን አላይም አለ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ የዕድሜውን ልክ የቆረጠው ክሱን የደራረበው ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ሳለ፣ ያንን እጅ የሚይዝ ችሎት ጠፋ።

በ2016፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ታስሮ፣ ዐቃቤ ሕጉ ተስማምቶ ተፈታ። በ2020 መጨረሻ ከፕሬዚዳንቱ ይቅርታ አገኘ። በ2018 የወጣው ሕግም 25 ዓመቱን ቀድሞ ተፈርዶበት ለደገመ ብቻ አደረገው። ነገር ግን ቀድሞ የተፈረደባቸውን አልነካም፤ እነሱ እያንዳንዳቸው ቅጣታችን ይቀነስልን ብለው ለፈረደባቸው ፍርድ ቤት ማመልከት ነበረባቸው።