ደመወዝተኞቹ የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲያን

በክላሲካል ሙዚቃ ታሪክ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚጠቀሱት ደራሲያን መካከል በርካታዎቹ እንደማንኛውም ሠራተኛ የቅጥር ውል ፈርመውና የአለቃ ትእዛዝ ተቀብለው በደመወዝ ይተዳደሩ ነበር። ሥራዎቻቸው በኮንሰርት አዳራሾች በሚደመጡበት ጊዜ ይህ የሕይወታቸው ገጽታ ብዙም አይወሳም። ይሁን እንጂ ምን እንደጻፉ፣ ለማን እንደጻፉ፣ አንዳንዶቹም የጀመሩትን ሳይጨርሱ ለምን እንዳለፉ ለመረዳት የቅጥር ታሪካቸውን መመልከቱ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጀርመናዊው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ከ1708 ጀምሮ በቫይማር መስፍን ቤተ መንግሥት በኦርጋን ተጫዋችነት አገልግሏል። የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ኃላፊ በ1716 መጨረሻ ሲሞቱ ቦታው ለሟቹ ልጅ ተሰጠ። በቀጣዩ ዓመት የኮተን ልዑል የተሻለ ሹመት ስላቀረቡለት ባኽ ከሥራው እንዲሰናበት ጠየቀ። መስፍኑ አልፈቀዱም። ጥያቄውን አጥብቆ በመግፋቱም ኖቬምበር 6 ቀን 1717 ታሰረ፤ ዲሴምበር 2 ቀን የመስፍኑ ቅሬታ ተነግሮት ተለቀቀ። በዚያ ዘመን የሥራ መልቀቂያ መጠየቅ የሠራተኛው መብት ሳይሆን በአሠሪው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ጉዳይ ነበር።

ባኽ በ1723 የላይፕዚግ ከተማ ምክር ቤት ተቀጣሪ ሆነ። የምክር ቤቱ ቀዳሚ ምርጫዎች ግን ቴሌማንና ግራውፕነር የተባሉ ሌሎች ሙዚቀኞች ነበሩ። በቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት ልጆችን የማስተማርና የከተማዋን ዋና ዋና አብያተ ክርስቲያናት ሙዚቃ የማዘጋጀት ኃላፊነት ተጣለበት። በ1730 የምክር ቤቱ አባላት ሥራውን ችላ ብሏል ሲሉ ወቀሱት፤ ገቢው እንዲቀነስም መከሩ። ባኽ በዚያው ዓመት ኦገስት 23 ቀን ለምክር ቤቱ ያስገባው ጽሑፍ የሰው ኃይል እጥረትን በዝርዝር ያስረዳል። ለተሟላ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ቢያንስ 18 የመሣሪያ ተጫዋቾች እንደሚያስፈልጉ፣ በቅጥር ያሉት ግን 8 ብቻ እንደሆኑ ገልጿል። ተማሪዎቹንም 17 ብቁ፣ 20 ገና ያልደረሱ፣ 17 ፈጽሞ የማይሆኑ ብሎ መድቧቸዋል። የሠራተኛ መደብ እንዲሟላለት ደብዳቤ ጽፎ የሚያውቅ የሥራ ኃላፊ ሁሉ የጽሑፉን መንፈስ አይስተውም።

ከሁለት ወራት በኋላ ሌላ ሥራ ይፈልግለት ዘንድ ለልጅነት ጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ ባኽ ገቢው ወደ 700 ታለር እንደሆነ፣ ከዚህም ከፊሉ ከቀብር ሥነ ሥርዓት የሚገኝ በመሆኑ የከተማው ሕዝብ ጤና ሲያገኝ ገቢው እንደሚቀንስ አማርሯል። በ1733 ደግሞ ለሳክሶኒው ገዢ የቤተ መንግሥት ማዕረግ እንዲሰጠው ማመልከቻ አስገባ። ከማመልከቻው ጋር አያይዞ ያቀረበው ሙዚቃ በኋላ "ቢ ማይነር ቅዳሴ" ተብሎ የታወቀው ታላቅ ሥራ የመጀመሪያ ክፍል ነው። ማዕረጉ የተሰጠው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1736 ሲሆን፣ ባኽ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1750 ድረስ ከላይፕዚግ አልለቀቀም።

የአሠሪና የሠራተኛ ግንኙነት በራሱ በሙዚቃው ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ግን በኦስትሪያዊው ዮሴፍ ሃይድን ሕይወት ነው። ሃይድን ሜይ 1 ቀን 1761 ከልዑል ፓውል አንቶን ኤስተርሃዚ ጋር የተፈራረመው ውል ግዴታዎቹን በጥንቃቄ ይዘረዝራል። በዓመት 400 ፍሎሪን እየተከፈለው ነጭ ካልሲ አጥልቆና ጸጉሩን በደንቡ መሠረት አሰናድቶ መገኘት፣ በየዕለቱ ከቀትር በፊትና በኋላ በልዑሉ እልፍኝ ደጃፍ ቀርቦ የሙዚቃ ትእዛዝ መኖሩን መጠየቅ፣ የመሣሪያዎቹን ደኅንነት መጠበቅና በተጫዋቾች መካከል የሚነሳውን ጠብ ማብረድ ይጠበቅበታል። ከሁሉም የከበደው አንቀጽ የጻፈውን ሙዚቃ ግልባጭ ለማንም እንዳይሰጥና ያለፈቃድ ለሌላ ሰው እንዳይደርስ የሚከለክለው ነበር።

ቀጣዩ ልዑል ኒኮላውስ ባሪቶን የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ ራሳቸው ይጫወቱ ስለነበር ሃይድን ለዚሁ መሣሪያ ከ120 በላይ ሦስትዮሽ ሙዚቃዎችን ለመጻፍ ተገዷል። መሣሪያው ዛሬ እምብዛም የማይገኝ በመሆኑ ይህ ሁሉ ድካም የሚደመጠው ከስንት አንዴ ነው።

በ1772 የተፈጠረው ሁኔታ ግን ዘላቂ ሥራ አስገኝቷል። ልዑል ኒኮላውስ በሃንጋሪ ባሠሩት የኤስተርሃዛ ቤተ መንግሥት የሚያሳልፉት ጊዜ እየረዘመ ሲሄድ፣ የሙዚቀኞቹ ሚስቶችና ልጆች ለጉብኝት እንኳ ወደዚያ እንዳይመጡ በዚያ ዓመት ትእዛዝ ወጣ። ቤተሰቦቻቸው የቀሩት በአይዘንሽታት ከተማ ነበር። ወራት ባለፉ ቁጥር የተጨነቁት ሙዚቀኞች ችግራቸውን ለኃላፊያቸው ለሃይድን አቀረቡ። ሃይድን አቤቱታ አልጻፈም፤ ሲምፎኒ ጻፈ። ዛሬ "የስንብት ሲምፎኒ" በሚል ስም የሚታወቀው የ45ኛው ሲምፎኒ የመጨረሻ ክፍል በፍጥነት ከተጀመረ በኋላ በድንገት ወደ ዝግታ ይለወጣል። ከዚያም ተጫዋቾቹ በየተራ ድርሻቸውን እየጨረሱ፣ ከፊታቸው ያለውን ሻማ እያጠፉ፣ መሣሪያቸውን ይዘው ይወጣሉ። በመጨረሻ የቀሩት ድምፃቸው የታፈነ ሁለት ቫዮሊኖች ነበሩ፤ እነርሱንም የተጫወቱት ሃይድንና ቶማሲኒ የተባለው የቫዮሊን መሪ ናቸው። ሁለቱም ቤተሰብን ከሚከለክለው ትእዛዝ ነጻ ከተደረጉት ጥቂቶች መካከል ስለነበሩ ጥያቄው ለራሳቸው የቀረበ አልነበረም። የሃይድንን የሕይወት ታሪክ የጻፉ የዘመኑ ሰዎች እንደዘገቡት ልዑሉ መልእክቱ ስለገባቸው በማግስቱ የጉዞ ትእዛዝ ሰጡ።

በ1779 በታደሰው ውል ያ ከባድ አንቀጽ ቀረ። ሃይድን ሥራዎቹን ለአሳታሚዎች መሸጥ ጀመረ፤ ዝናውም በፓሪስና በለንደን ተሰራጨ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሩሲያ ሁኔታው የተለየ ነበር። የሴንት ፒተርስበርግ ኮንሰርቫቶሪ በ1862 እስኪከፈት ድረስ ሙዚቃ እንደ መደበኛ ሙያ የሚታወቅበት ደረጃ ስላልነበረው፣ ደራሲያኑ ደመወዝ የሚያገኙት ከሙዚቃ ጋር በማይገናኝ የመንግሥት ሥራ ነበር። ፒዮትር ቻይኮቭስኪ የሕግ ትምህርቱን ጨርሶ ከ1859 እስከ 1863 በፍትሕ ሚኒስቴር ሠርቷል። ወንድሙ ሞዴስት እንደጻፈው አንድ ጊዜ የተፈረመበትን የመንግሥት ሰነድ ይዞ ሲሄድ ቆሞ ከሰው ጋር ሲያወራ ወረቀቱን ሳይታወቀው እየቀደደ አኝኮታል። ሚኒስቴሩ በመልቀቁ ብዙ የተጎዳ አይመስልም።

የሞዴስት ሙሶርግስኪ ታሪክ ግን ያሳዝናል። በ1861 የታወጀው የገባሮች ነጻነት የቤተሰቡን ገቢ ስላመናመነው የቀድሞው የዘበኛ ጦር መኮንን በ1863 መጨረሻ በመንግሥት የምህንድስና መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በ1867 ተቀነሰ። ከዚያም ወደ ደን ጉዳይ መምሪያ ገባ። "ቦሪስ ጎዱኖቭ" የተሰኘውን ኦፔራ የመጀመሪያ ቅጂ ከኦክቶበር 1868 እስከ ዲሴምበር 1869 የጻፈው የቢሮ ሥራውን ሳያቋርጥ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ቲያትር ቤቶች አስተዳደር በ1871 ውድቅ ቢያደርገውም ተሻሽሎ በ1874 ለመድረክ በቅቷል። በኋላ መጠጥ ስለበረታበት ሥራውን መከታተል አልቻለም። በ1878 የተዛወረው ወደ መንግሥት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ በዚያም የሕዝብ ዘፈን ወዳጅ የነበሩት አለቃው ቴርቲ ፊሊፖቭ ብዙ ታገሱት። የ1880 መጀመሪያ ላይ ግን ከሥራ ተሰናበተ። ወዳጆቹ በሁለት ቡድን ሆነው፣ አንዱ በወር 100፣ ሌላው 80 ሩብል እንዲከፈለው አዋጡለት፤ ውለታው የጀመራቸውን ሁለት ኦፔራዎች እንዲጨርስ ነበር። ሁለቱንም ሳይጨርስ በማርች 1881 በ42 ዓመቱ አረፈ።

የጓደኛውን ጅምር "ኾቫንሽቺና" አጠናቆ ለመድረክ ያበቃው ኒኮላይ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ነው። እርሱም የባሕር ኃይል መኮንን የነበረ ሲሆን፣ በ1873 የባሕር ኃይል የሙዚቃ ጓዶች ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። ለዚህ ሥራ ሲል የነፋስ መሣሪያዎችን አንድ በአንድ ማጥናቱ በኦርኬስትራ አጻጻፍ ስመ ጥር ለመሆን ረድቶታል። መደቡ በ1884 ተሰረዘ። የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሩ አሌክሳንደር ቦሮዲን ደግሞ ከቤተ ሙከራና ከማስተማር ሥራ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ስለነበር በአብዛኛው ሙዚቃ የሚጽፈው ታሞ ቤት ሲውል ነበር። የሙዚቃ ወዳጆቹ ከጤና ይልቅ ሕመም ይመኙልኛል እያለ ይቀልድ ነበር። "ልዑል ኢጎር" የተባለውን ኦፔራ በ1869 ጀምሮ ሳይጨርሰው በ1887 ሞተ። ሪምስኪ ኮርሳኮቭና ግላዙኖቭ አሟልተውት ኦፔራው በ1890 በሴንት ፒተርስበርግ ማሪንስኪ ቲያትር ለሕዝብ ቀርቧል።