የአሳማ ወርች ባርቤኪው

የአሳማ ወርች ባርቤኪው በተለይ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍላተ ግዛት የሚዘወተር ምግብ ነው። የሚዘጋጀው የአሳማ የፊት እግር የላይኛው ክፍል (ወርች) በከሰል ወይም በእንጨት ፍም ለዘብተኛ ሙቀትና ጭስ ለብዙ ሰዓታት ሲጠበስ ነው። ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ107 እስከ 121 ዲግሪ ሴልሺየስ (°ሴ) ሲሆን፣ አንድ ትልቅ ወርች ለመብሰል ከ10 ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። የበሰለው ሥጋ ያለ ቢላዋ በእጅ ወይም በሹካ ስለሚፈለቀቅ በእንግሊዝኛ «ፑልድ ፖርክ» ይባላል፤ ትርጉሙም «እየተሳበ የተፈለቀቀ የአሳማ ሥጋ» እንደ ማለት ነው።

የሥጋው ክፍል

የአሳማ ወርች በአሜሪካ ሥጋ ቤቶች በሁለት ተከፍሎ ይሸጣል። የላይኛው ክፍል «ቦስተን በት» ይባላል። ስሙ ከኋላ እግር የተወሰደ ቢያስመስለውም፣ ከትከሻው የላይኛው ክፍል የሚገኝ ሥጋ ነው። ክብደቱ በአብዛኛው ከ2.5 እስከ 4.5 ኪሎ ግራም ሲሆን በውስጡ ሰፊው የትከሻ አጥንት አለ። የታችኛው ክፍል «ፒክኒክ» ይባላል፤ ይህ ወደ እግሩ የሚጠጋ፣ ብዙ ጊዜ ከነቆዳው የሚሸጥ ነው። ለባርቤኪው ይበልጥ የሚመረጠው ቦስተን በት ነው፤ ምክንያቱም ስቡ በሥጋው መካከል ተሰራጭቶ ይገኛል።

እንስሳው ሲቆምና ሲራመድ የትከሻ ጡንቻዎቹ ዘወትር ስለሚሠሩ ሥጋው ጠንካራ ነው። በጡንቻዎቹ መካከል ብዙ ጅማትና ስስ ሽፋኖች አሉ። ስለዚህ ወርች እንደ ጥብስ በጋለ መጥበሻ ላይ ቶሎ ቢበስል ለማኘክ ያስቸግራል። በዚሁ ምክንያት ዋጋው ከሌሎቹ የአሳማ ክፍሎች ዝቅ ያለ ነበር፤ ባርቤኪውም በረከሰው ሥጋ ጥሩ ምግብ ለመሥራት የሚያስችል ዘዴ ሆኖ ቆይቷል።

ታሪክ

«ባርቤኪው» የሚለው ቃል የመጣው «ባርባኮዋ» ከሚለው የስፔንኛ ቃል ነው። ስፔናውያን ደግሞ ቃሉን ያገኙት ከካሪቢያን ደሴቶች ነባር ሕዝቦች ሲሆን፣ ከእሳት በላይ ከፍ ብሎ የሚሠራን የእንጨት ርብራብ ያመለክት ነበር። አሳማ ግን የአሜሪካ ነባር እንስሳ አይደለም፤ ወደ አህጉሩ ያስገቡት አውሮፓውያን ናቸው። ስፔናዊው አሳሽ ኤርናንዶ ዴ ሶቶ እ.ኤ.አ. በ1539 ወደ ፍሎሪዳ ሲገባ አሳማዎችን ይዞ ነበር።

በኋላም በደቡብ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ሳይሆን በሰሜን አሜሪካ ደቡባዊ ክፍል፣ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ረጅም ጉድጓድ ላይ አሳማን ሙሉውን መጥበስ የትልልቅ ድግሶች ልማድ ሆነ። ጉድጓዱን የሚቆፍሩት፣ እንጨቱን የሚፈልጡትና ሌሊቱን ሙሉ ፍሙን የሚጠብቁት በአብዛኛው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ነበሩ። ባርነት ከተወገደም በኋላ ጥቁር አሜሪካውያን ሙያውን ይዘው ቀጠሉ፤ ሆኖም በምግብ መጻሕፍትና በሽልማቶች የእነርሱ ድርሻ ለረጅም ጊዜ ሳይጠቀስ ቆይቷል። በደቡብ ካሮላይና ሙሉ አሳማ በመጥበስ የታወቀው ሮድኒ ስኮት እ.ኤ.አ. በ2018 የጄምስ ቢርድ ሽልማትን በደቡብ ምሥራቅ ምርጥ ሼፍ ዘርፍ ተቀብሏል።

ከሙሉ አሳማ ይልቅ ወርቹን ብቻ የመጥበስ ልማድ በይበልጥ የሚታወቀው በሰሜን ካሮላይናዋ የሌክሲንግተን ከተማ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት ሲድ ዊቨርና ጄስ ስዋይስጉድ በከተማዋ ፍርድ ቤት አጠገብ ድንኳን ተክለው ባርቤኪው ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በከተማዋ ዓመታዊ የባርቤኪው ፌስቲቫል ይካሄዳል።

ዝግ ያለ ሙቀት ለምን ያስፈልጋል

በጅማትና በስስ ሽፋኖች ውስጥ ያለው ዋናው ፕሮቲን ኮላጅን ይባላል። ኮላጅን እንደ ገመድ እርስ በርሱ የተጠማዘዘ በመሆኑ ሥጋውን ያጠነክረዋል። ሥጋው ውስጥ ያለው ሙቀት ወደ 70°ሴ ሲደርስና ሲያልፍ ኮላጅኑ ቀስ በቀስ እየተፈታ ወደ ጄላቲን ይለወጣል። ጄላቲን ለስላሳና ውሃ የሚይዝ ነው። በዚህ ጊዜ የጡንቻው ክሮች ብዙ ውሃ ቢያጡም፣ ጄላቲኑና የቀለጠው ስብ ስለሚሸፍኗቸው ሥጋው አፍ ውስጥ ደረቅ አይመስልም።

ይህ ለውጥ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ጊዜም ይፈልጋል። እሳቱ ቢጨመር የሥጋው ውጫዊ ክፍል ይደርቃል ወይም ያርራል፤ ውስጡ ግን ገና ጠንካራ ይሆናል። ስለዚህ ለወርች «መብሰል» እና «መለስለስ» ሁለት የተለያዩ ነጥቦች ናቸው። 63°ሴ ላይ ሥጋው ለመብላት አደጋ የለውም፤ በእጅ የሚፈለቀቀው ግን ከ90 እስከ 96°ሴ ሲደርስ ነው።

የሙቀቱ መቆም

ሥጋው ውስጥ ቴርሞሜትር ሲተከል፣ ሙቀቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያለማቋረጥ ይጨምራል። ከ65 እስከ 75°ሴ ባለው መካከል ግን ጭማሪው ይቆማል፤ አንዳንዴም ለብዙ ሰዓታት ባለበት ይቆያል። ይህ በእንግሊዝኛ «ስቶል» (መቆም) ይባላል። ብዙ ጀማሪዎች እሳቱ የጠፋ መስሏቸው ከሰል የሚጨምሩትና ሥጋውን የሚያበላሹት በዚህ ጊዜ ነው።

ቀደም ሲል ምክንያቱ ኮላጅኑ ሲቀልጥ ሙቀቱን ስለሚወስድ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። የፊዚክስ ባለሙያው ግሬግ ብሎንደር ባደረገው ሙከራ ግን ትክክለኛው ምክንያት የውሃ መትነን መሆኑ ታየ። ከሥጋው ጋር የተፈተነ በውሃ የራሰ ስፖንጅ እንደ ሥጋው ሙቀቱ ሲቆም፣ እርጥበት የሌለው ስብ ግን ሳይቆም ጨመረ። ይህም ላብ የሰውን ገላ እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ፣ ከሥጋው ገጽ ላይ የሚተነው ውሃ ከፍሙ የሚመጣውን ሙቀት ያህል ስለሚወስድ ነው። ገጹ ሲደርቅ መትነኑ ይቀንስና ሙቀቱ እንደገና መጨመር ይጀምራል።

መቆሙን ለማሳጠር ሥጋው በአልሙኒየም ፎይል ወይም ሽፋን በሌለው ወፍራም የሥጋ ወረቀት ይጠቀለላል። ፎይል እንፋሎቱን ስለሚያግድ ጊዜውን በእጅጉ ያሳጥራል፤ ነገር ግን በውጭ የተፈጠረውን ቅርፊት ያለሰልሰዋል።

መሣሪያና ከሰል

በመኖሪያ ቤት ጓሮ የተለመደው መሣሪያ ክዳን ያለው ክብ የከሰል ምድጃ ነው። ይህን ቅርጽ የፈጠረው በቺካጎ አካባቢ በሚገኘው ዌበር ብራዘርስ የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ፋብሪካው ለባሕር ምልክት የሚያመርተውን ክብ ተንሳፋፊ ብረት ለሁለት ከፍሎ፣ ታችኛውን ግማሽ ምድጃ፣ ላይኛውን ደግሞ ክዳን አደረገው።

ከሰሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከእንጨት በቀጥታ የተከሰለ ጉብታ ከሰል ነው፤ ቶሎ ይቀጣጠላል፣ መጠኑ ግን አንድ ወጥ ስላልሆነ ሙቀቱን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ሁለተኛው ከተፈጨ ከሰልና ከማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራው ብሪኬት ነው። ኤልስዎርዝ ዝዎየር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1897 ለብሪኬት ቅርጽ የፈጠራ መብት አግኝቷል። በ1920ዎቹ ደግሞ የመኪና አምራቹ ሄንሪ ፎርድ ከእንጨት ሥራው የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ወደ ብሪኬት የሚቀይር ፋብሪካ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት አቋቁሟል። ብሪኬት መጠኑ እኩል ስለሆነና ዝግ ብሎ ስለሚነድ ለረጅም ሰዓት ጥብስ ይመረጣል።

አሠራር

፩. ሥጋው ከመጠበሱ በፊት በነበረው ምሽት በጨው፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በፓፕሪካ፣ በነጭ ሽንኩርት ዱቄትና በቡናማ ስኳር ይታሻል። ለ1 ኪሎ ግራም ሥጋ ከ8 እስከ 10 ግራም ጨው ይበቃል። ከዚያም ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል።

፪. ብሪኬቱ በምድጃው ጠርዝ ዙሪያ በሁለት ረድፍና በሁለት ድርብ፣ ክቡን እስከ ሁለት ሦስተኛ ድረስ እንዲሸፍን ይደረደራል። በላዩ ላይ ጥቂት የሂኮሪ፣ የኦክ፣ የፖም ወይም የቼሪ እንጨት ቁራጮች ይቀመጣሉ። ይህ «የእባብ ዘዴ» ይባላል፤ እሳቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እንደ ክር እየተጓዘ ለብዙ ሰዓታት ይነዳል።

፫. ከ8 እስከ 10 የሚሆኑ ፍም የሆኑ ብሪኬቶች በአንዱ ጫፍ ላይ ይደረጋሉ። በምድጃው መካከል ውሃ የያዘ ሳህን ይቀመጣል፤ ሳህኑ የሚንጠባጠበውን ስብ ይቀበላል፣ ሙቀቱም እንዳይዋዥቅ ይረዳል።

፬. ሥጋው ከፍሙ ርቆ በፍርግርጉ መካከል ይቀመጥና ምድጃው ይከደናል። የክዳኑ ቀዳዳ ክፍት ሆኖ፣ ሙቀቱ በታችኛው የአየር ማስገቢያ ይስተካከላል። ቀዳዳው ሲጠብ ኦክስጅን ስለሚቀንስ እሳቱ ይበርዳል፤ ሲሰፋ ይግላል።

፭. ክዳኑ ያለ ምክንያት አይከፈትም። ሲከፈት የታመቀው ሙቀት ይወጣል፣ ብዙ አየር ስለሚገባም ፍሙ በኋላ ከሚፈለገው በላይ ይግላል።

፮. የሥጋው ሙቀት 70°ሴ አካባቢ ደርሶ ሲቆምና ቅርፊቱ ሲጠቁር ሊጠቀለል ይችላል። ጠቅላላው ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ከ3 እስከ 4 ሰዓት ገደማ ነው።

፯. ከ93 እስከ 96°ሴ ሲደርስና ቴርሞሜትሩ ያለ ችግር ሲገባ፣ አጥንቱም በቀላሉ ተነቅሎ ሲወጣ ሥጋው ደርሷል። ቢያንስ ለ1 ሰዓት ተጠቅልሎ ካረፈ በኋላ ይፈለቀቃል። ሥጋው አጥንቱን ጨምሮ ከመጀመሪያው ክብደቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ስለሚያጣ፣ ለድግስ ሲገዛ ይህ ይታሰባል።

ቅርፊትና የጭስ ቀለበት

በደረሰ ወርች ላይ የሚታየው ጥቁር ቅርፊት ያረረ ሥጋ አይደለም። የደረቀው ገጽ፣ ቅመሙ፣ ስቡና ጭሱ ተዋህደው፣ ፕሮቲንና ስኳርም በሙቀት ተለውጠው የሚፈጥሩት ነው። ከቅርፊቱ በታች ደግሞ ሮዝ ቀለም ያለው ስስ ቀለበት ይታያል። ይህም የሚፈጠረው ከከሰልና ከእንጨት የሚወጡት ናይትሪክ ኦክሳይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሥጋውን ከሚያቀላው ማዮግሎቢን ጋር ሲጣበቁ ነው። ስለዚህ ቀለበቱ የጥሬነት ምልክት አይደለም። መብሰሉ የሚታወቀው በቀለም ሳይሆን በቴርሞሜትር ነው።

ጥሩ ጭስ ስስና ሰማያዊ ቢጤ ነው። አየር ሲያንስ የሚወጣው ወፍራም ነጭ ጭስ ሥጋውን መራራ ያደርገዋል።

የአካባቢ ልዩነቶች

በሰሜን ካሮላይና ምሥራቃዊ ክፍል ሙሉ አሳማ ይጠበስና በኮምጣጤ (አቼቶ)፣ በጨውና በሚጥሚጣ መሰል በርበሬ ይቀመማል። በሌክሲንግተን ወርች ብቻ ይጠበሳል፤ ማጣፈጫው በኮምጣጤ ላይ ጥቂት ካቻፕና ስኳር የተጨመረበት ሲሆን፣ በዚሁ የተለወሰ የተከተፈ ጥቅል ጎመን አብሮ ይቀርባል። በደቡብ ካሮላይና መካከለኛ ክፍል በሰናፍጭ የተሠራ ቢጫ ስጎ የተለመደ ነው። በቴኔሲዋ ሜምፊስ ደግሞ ወርቹ በቲማቲም ላይ የተመሠረተ ጣፋጭ ስጎ ታክሎበት በዳቦ ይበላል።

የጤና ጥንቃቄ

የዩናይትድ ስቴትስ ግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ለሙሉ የአሳማ ሥጋ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ሙቀት ከ71°ሴ ወደ 63°ሴ አውርዶ፣ ሥጋው ከእሳት ከወጣ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲያርፍ አዟል። የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ግን አሁንም 71°ሴ ያስፈልገዋል። በጥሬ ወይም በደንብ ባልበሰለ የአሳማ ሥጋ አማካይነት ትሪኪኔላ የተባለ ትልና የአሳማ ኮሶ ትል ወደ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ።

ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ4 እስከ 60°ሴ ባለው መካከል ነው። ስለዚህ የበሰለው ሥጋ እስኪበላ ከ60°ሴ በላይ ይጠበቃል፤ የተረፈውም በ2 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ ይበላል።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 የአሳማን ጨምሮ ቀይ ሥጋን ካንሰር የማምጣት ዕድል ካላቸው ነገሮች ጋር በምድብ 2ሀ አስቀምጧል። ስብ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ የሚፈጠረው ጭስም ጎጂ ውሁዶች አሉት፤ ሥጋውን ከፍሙ አርቆ መጥበስ ይህን ይቀንሳል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን ተኝቶ ሳለ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የከሰል ምድጃ በቤት፣ በጋራዥ ወይም በድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይነድም፤ ጥብሱ ካለቀ በኋላም ለሙቀት ተብሎ ወደ ቤት አይገባም። ነበልባል ወይም ጭስ የማይታይበት ፍምም ጋዙን ማውጣቱን ይቀጥላል።

ሃይማኖትና ሌሎች ሥጋዎች

የአሳማ ሥጋ በአይሁድ እምነትና በእስልምና የተከለከለ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናንም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የተጻፈውን ይዘው አይበሉትም። በመሆኑም ምግቡ በኢትዮጵያ የተለመደ አይደለም።

የአበሳሰሉ መርህ ግን በአሳማ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ኮላጅን የበዛበት ማንኛውም ሥጋ በተመሳሳይ መንገድ ይለሰልሳል። በቴክሳስ የበሬ ፍርምባ፣ በምዕራብ ኬንታኪዋ ኦወንስቦሮ ከተማ ደግሞ የበግ ሥጋ በዚሁ ዘዴ ለረጅም ሰዓት ይጠበሳሉ። በፍርምባም ላይ የሙቀቱ መቆም ይታያል፤ የሚለሰልሰውም እንደ ወርቹ ከ90°ሴ በላይ ሲደርስ ነው።