ጢስ መውጫ ያልነበረው ቤት

በደቡብ እንግሊዝ፣ ምሥራቅ ሰሴክስ ውስጥ፣ አልፍሪስተን በተባለች መንደር ከቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንድ ሣር ክዳን ቤት አለ። የካህናት ቤት ይባላል፤ የተሠራው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በ1348 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ የገባው ታላቁ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ስለፈጀ፣ ለተረፉት መሬት ሰፋላቸው፣ የጉልበታቸውም ዋጋ ጨመረ። በኬንትና በሰሴክስ ኑሮው የተቃናለት ገበሬ በየመንደሩ የሠራው እንዲህ ያለውን ባለአዳራሽ ቤት ነበር።

እንዲህ ያለው ቤት ሦስት ክፍል አለው። መካከለኛው ከወለል እስከ ጣራ ክፍት የሆነ አዳራሽ ነው። ግራና ቀኙ ባለፎቅ ሲሆን በአንዱ በኩል የጌቶቹ እልፍኝ፣ በሌላው የእህልና የመጠጥ ጓዳ ይገኛል። ፎቆቹ ከምድር ቤቱ ግድግዳ አልፈው ወደ ደጅ ስለሚወጡ፣ ጣራው ግን ሁሉንም በአንድነት ስለሚከድን፣ ከውጭ ሲታይ አዳራሹ ወደ ውስጥ የገባ ይመስላል።

ክብደቱን የሚሸከመው የኦክ እንጨት ነው። ኦክ ከደረቀ መሣሪያ ስለማይበግረው አናጢዎች እርጥቡን ይጠርቡት ነበር። መጋጠሚያውን መሬት ላይ አስተካክለው ምልክት ካደረጉበት በኋላ ያቆሙታል፤ በእንጨት ችንካርም ያያይዙታል። እንጨቱ እየደረቀ ሲሄድ ስለሚኮማተር ብዙዎቹ ቤቶች ዛሬ ጠመም ብለው ይታያሉ። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በቀጫጭን እንጨት ተማግሮ በጭድና በፍግ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል። የአልፍሪስተኑ አዳራሽ ወለል የተጠቀጠቀ ነጭ የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ እንዲጠነክር የኮመጠጠ ወተት ይፈስበት ነበር።

የዚህ ዓይነቱን ቤት ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው ጢሱ ነው። ምድጃው በአዳራሹ መካከል ነበር፤ ጢሱም ወደ ላይ ወጥቶ በጣራው በኩል ይተን ነበር። ዛሬ የአሮጌ ቤት ቆጥ ላይ የሚወጣ አጥኚ ወራጁ ጥቀርሻ የለበሰ ሆኖ ካገኘው፣ ከሥሩ ያለው ፎቅ ኋላ የተጨመረ መሆኑንና ቤቱ በመጀመሪያ ክፍት አዳራሽ እንደነበረው ያውቃል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጡብ ጢስ መውጫ ተስፋፋ። የኤሴክሱ ቄስ ዊልያም ሃሪሰን በ1577 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች እጅግ ከተደነቁባቸው ለውጦች አንዱ የጢስ መውጫው መብዛት እንደነበር መዝግቧል። ጢሱ መንገድ ካገኘ በኋላ አዳራሹን በፎቅ መክፈል ተቻለ። በአንድ እሳት ዙሪያ ይኖር የነበረው ቤተሰብም በየክፍሉ ተለያየ፤ ከግድግዳውና ከጣራው ለውጥ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአልፍሪስተኑ ቤት ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። የአጥቢያው ቄስ እንዲተርፍ ተማጸኑ፤ ዊልያም ሞሪስ በ1877 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርም አገዛቸው። በ1895 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ናሽናል ትረስት በዓመቱ በ10 ፓውንድ ገዛው፤ ድርጅቱ የገዛው የመጀመሪያው ሕንፃ ይህ ነው። ጥገናው ከግዢው እጅግ የበዛ ወጪ ስለጠየቀ፣ ከመሥራቾቹ አንዷ ኦክታቪያ ሂል ገንዘቡን ከሕዝብ ማሰባሰብ ነበረባት።