መንጃ ፈቃድ እንዴት መታወቂያ ሆነ?

ሰሞኑን አሜሪካ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ «መምህር፣ እዚህ ወረቀት ለሌለው ሰው መንጃ ፈቃድ ይሰጠው አይሰጠው እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ነገሩ ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ታሪኩ ውስጥ ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሳቹሴትስና ሚዙሪ መንጃ ፈቃድን ግዴታ ያደረጉት በ1903 ነው። ያኔ ወረቀቱ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይህ ሰው እንዲነዳ ተፈቅዶለታል። ፎቶ አልነበረውም። ሚዙሪማ እስከ 1952 ድረስ ፈተና እንኳ አትፈትንም ነበር!

ታዲያ መታወቂያ ማን አደረገው? አሜሪካ እንደኛ የቀበሌ መታወቂያ የላትም፤ ብሔራዊ መታወቂያ ሲባልም ብዙው ሰው «መንግሥት ሊቆጣጠረን ነው» ብሎ ይሸሻል። መኪና ግን ሁሉም ይነዳል። ስለዚህ ባንኩም፣ መጠጥ ቤቱም፣ ኤርፖርቱም «መንጃ ፈቃድህን አሳየኝ» ማለት ለመዱ።

ከዚያ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 መጣ። መርማሪው ኮሚሽን ከ19ኙ ጠላፊዎች 18ቱ የአሜሪካ መታወቂያ ሰነድ አግኝተው እንደነበር ጻፈ። በ2005 «ሪል አይዲ» የተባለው ሕግ ወጣ፦ ለአውሮፕላን ጉዞና ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ካርድ የሚሰጠው ሕጋዊ ነዋሪነቱ ለተረጋገጠ ሰው ብቻ ሆነ። ኤርፖርት ላይ መተግበር የጀመረው ግን ከ20 ዓመት በኋላ፣ በሜይ 2025 ነው።

ያው ሕግ ግን አንድ በር ክፍት ትቷል። ግዛቶች ከፈለጉ ለመንዳት ብቻ የሚሆን፣ ለፌዴራል መታወቂያነት የማያገለግል ሌላ ካርድ መስጠት ይችላሉ። የኛ ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ በ2014፣ ቨርጂኒያ በ2021 ጀመሩ። ካሊፎርኒያም ከ2015 ጀምሮ ትሰጣለች።

ተቃዋሚዎች «ሕግ ለጣሰ ሽልማት ነው» ይላሉ። የአገር ደህንነት ስጋታቸውም ቀላል አይደለም። ነገር ግን በ2017 የታተመ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት ካሊፎርኒያ ውስጥ አደጋ እንዳልጨመረ፣ ገጭቶ ማምለጥ ግን ከ7 እስከ 10 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለምን? ፈቃድ ያለው ሰው ፖሊስ ሲመጣ የሚሮጥበት ምክንያት ይቀንሳል። የተገጨው ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ወድቆ አይቀርም።

እኔ እንደሚመስለኝ ጭቅጭቁ የተወለደው አንድ ካርድ ላይ ሁለት ጥያቄ በመጫኑ ነው፦ «መንዳት ትችላለህ?» እና «አንተ ማነህ፣ እዚህ የመኖር መብትስ አለህ?» የመጀመሪያውን መሪ የጨበጠ ሁሉ መመለስ አለበት፤ ፈተናውን ያለፈ ይሰጠው። ሁለተኛውን የኢሚግሬሽን ቢሮ ይጠይቅ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ እዚያ ያላችሁ፣ ጻፉልኝ።